ቁልቁል በሞተር፦ ከኮምቦልቻ እስከ አላሎባድ

ኮምቦልቻ ሦስት መውጫ አላት። አንዱ ሐረጎን ሽቅብ ወጥቶ ደሴ ይገባል። ሁለተኛው በሐርቡና በከሚሴ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ ይዘልቃል። ሦስተኛው ባቲን ይዞ ቁልቁል ወደ አፋር ይወርዳል። ሁለቱን ሁሉም ሰው ያውቃቸዋል። ለሥራ፣ ለሕክምና፣ ለሰርግ፣ ለለቅሶ እንመላለስባቸዋለን። ሦስተኛውን ግን አብዛኞቻችን የምናውቀው በከባድ መኪናው ነው። ሌሊት ተሳቢ ሲያጓራ እንሰማለን፤ ጠዋት ከጅቡቲ የመጣ ብረትና ማዳበሪያ ሲራገፍ እናያለን። ከዚያ ወዲያ ያለውን «ቆላ ነው» ብለን እናልፈዋለን።

የእኔ ቤት ኮምቦልቻ፣ ሥራዬ ደሴ ስለሆነ ኑሮዬ በሐረጎ መንገድ ላይ ነው። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ግን ከታች በሸሚዝ ተነስተህ ጦሳ ተራራ ሥር ስትደርስ ጃኬት ትፈልጋለህ። ሞተር የገዛሁትም የታክሲ ወረፋ ሰልችቶኝ ነው። ቦክሰር ናት። አታምርም፣ ግን አታስቸግርም። ይዣት ለሽርሽር እሄዳለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ከቤት ያስወጣኝ አህያ ነው። አትሳቁ። ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ግማሽ ሰዓት ቆሞ ያየ ሰው ያቺን ከተማ ማን እንደተሸከማት ይገባዋል። ጤፉን፣ አሸዋውን፣ ብሎኬቱን፣ አልፎ አልፎ ሶፋውን ሳይቀር ዳገቱን የሚያወጣው አህያ ነው። ኢትዮጵያ በዓለም ላይ ብዙ አህያ ያላት አገር ናት። የዚህ ሁሉ አህያ ቅድመ አያት የሆነው የዱር አህያ ደግሞ ዛሬም በሕይወት አለ። ያለውም ሩቅ አይደለም፤ በአፋር ቆላና በኤርትራ በረሃ ነው። ያውም በጥቂት መቶዎች ቢቆጠር ነው። ይህን ካወቅኩ በኋላ ነገሩ አልወጣልህ አለኝ። ከቤቴ የአንድ ቀን የሞተር መንገድ ላይ የአህያ ሁሉ አባት ቆሟል፤ እኔ ግን በየቀኑ ወደ ደሴ እወጣለሁ።

ጓደኛዬ ሰይድ መካኒክ ነው። የእሱ ነገር ሌላ ነበር። አላሎባድ የሚባል ቦታ ውሃ ከመሬት ተፈናጥሮ ሲወጣ የሚያሳይ ቪዲዮ ስልኩ ላይ ይዞ ለደንበኛው ሁሉ ያሳያል። «እኔ ይሄን ነገር በዓይኔ ካላየሁ አላምንም» ይላል። ተስማማን። እኔ የዱር አህያ፣ እሱ ፍል ውሃ።

ዝግጅቱን አላንዛዛውም። ትርፍ ካመራዳሪያ፣ ካንዴላ፣ የፍሪሲዮን ገመድ፣ አምስት ሊትር ቤንዚን በጀሪካን፣ ብዙ ውሃ። ሰይድ ያከረረው አንድ ነገር ላይ ብቻ ነው። «ጃኬት አይወልቅም፤ የፈለገ ቢሞቅ» አለ። እንዴት ሆኖ በቆላ ሙቀት ጃኬት ይለበሳል ብዬ ሳቅኩ። መልሱን ያገኘሁት ከባቲ በታች ነው።

የወጣነው ጥቅምት መግቢያ ላይ ነበር፤ የአደይ አበባው ገና አልረገፈም። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሰመራ ስትደርስ ከ500 ሜትር በታች ነህ። ይህ ሁሉ መውረድ በአውቶቡስ ሲሆን ጆሮህን ጭው ያደርገዋል፣ መስኮት ትከፍታለህ፣ በቃ። በሞተር ግን እያንዳንዱ መቶ ሜትር በቆዳህ ይገባል። መጀመሪያ አንገትህ ላይ ያለው ብርድ ይለቅሃል። ቀጥሎ ሽታው ይቀየራል፤ የባሕር ዛፍ ጭስ ቀርቶ የደረቀ ሣርና የግራር ይሆናል። ሞተሯ እንኳ ታውቃለች። ደሴ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ነው። ካርቡሬተር ያላት ሞተር እዚያ ላይ ትንፋሽ እንዳጠረው ሰው ነው የምትሆነው። ወደ ታች ስትወርድ ጉልበቷ ይመለሳል። ሐረጎ ላይ በሁለተኛ ማርሽ የምታቃስት ቦክሰር ከባቲ በታች እንደ ጎረምሳ ሆነች። ሰይድ በስተኋላዬ እየጮኸ «አየር አገኘች!» ይለኛል።

ባቲ ድረስ አገሩ አገራችን ነው። ማሽላ፣ ጫት፣ በመንገዱ ዳር የቆሙ ባጃጆች። ባቲ የሰኞ ገበያዋ የታወቀ ነው፤ አፋሩ፣ አማራው፣ ኦሮሞው እዚያ ይገናኛል፤ ግመል፣ ፍየል፣ እህል፣ ቅቤ ይለዋወጣል። እኛ ያለፍነው በሌላ ቀን ስለነበር ሜዳው ባዶ ነበር። በሄልሜት ውስጥ በባቲ ቅኝት እያንጎራጎርኩ ባቲን አለፍኩ። ማን ይከለክለኛል።

ከዚያ በኋላ ነው ንፋሱ የተለወጠው። የሰው ቆዳ ሙቀት 35 ዲግሪ አካባቢ ነው። አየሩ ከዚያ ሲያልፍ ንፋስ ሙቀት ይሰጥሃል እንጂ አይወስድብህም። ላብህንም ሳታየው ያደርቀዋል። ሳይጠማህ ትደርቃለህ፤ ሲጠማህ ደግሞ ረፍዷል። ሰይድ ጃኬት አታውልቅ ያለው ለዚህ ነው፤ ልብሱ ንፋሱን ከቆዳህ ያርቀዋል፣ ላብህን ትንሽ ያቆየዋል። በረሃ የሚኖር ሰው ለምን እንደሚሸፋፈን በቴሌቪዥን ስናይ የምንገረመው ሞቆን ስለማናውቅ ነው።

ግማሽ መንገድ ላይ ግራር ሥር ሻይ የምታፈላ ሴት አገኘንና ቆምን። ጥላው ሥር አንድ የአፋር ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። ወገባቸው ላይ ጊሌ የሚባለውን የአፋር ጩቤ ታጥቀዋል፤ አጠገባቸው በላስቲክ የተጠቀለለ ሬዲዮ አለ። አፋር ዘንድ ዳጉ የሚባል ሥርዓት አለ። መንገደኛ ሲገናኝ ዝም ብሎ አይተላለፍም። ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ ይባባላል፤ የሰማውን ያደርሳል፣ ያላጣራውን አይጨምርም። እኔ «ሰላም አባባ» ብዬ ሻዬን ልጠጣ ስል እሳቸው ጀመሩ።

«ከየት ናችሁ?»

«ከኮምቦልቻ፣ አባባ።»

«ዝናቡ ቆመ?»

«አዎ፣ ከመስቀል ወዲህ አልጣለም።»

«ደሴስ? ወረባቦስ? ተሁለደሬስ?»

አንድ በአንድ ጠየቁኝ። በመጨረሻ ለምን እንደዚህ አጥብቀው እንደጠየቁ ገባኝ። እኛ ላይ የዘነበው እሳቸው ጋ ነው የሚደርሰው። ሚሌ ወንዝ የሚነሳው ከተሁለደሬ ደጋ ነው። ቦርከናም በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ሾልኮ፣ ወደ ደቡብ ወርዶ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ ባሕር አያይም፤ አፋርን አቋርጦ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ያልቃል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሰማዩ ጠርቶ እያለ እዚህ ጎርፍ ይመጣል። «የእናንተ ዝናብ ፍየላችንን ይዞ ይሄዳል» አሉ ሽማግሌው። ቅሬታ አልነበረም አነጋገራቸው፤ ወሬ ነው፤ ዳጉ። እኔ ግን ቦርከና ውስጥ ስለምንጥለው ነገር ሁሉ ነው ያሰብኩት። ፕላስቲኩ፣ የፋብሪካው ፍሳሽ፣ የመኪና እጥበቱ። ኮምቦልቻ ድልድይ ላይ ቆመን «ወንዙ ወሰደው» እንላለን። የት እንደወሰደው ጠይቀን አናውቅም።

ከመንገዱ በስተደቡብ በአዋሽ ሸለቆ ሐዳር አለ፤ ሉሲ በ1967 ዓ.ም. የተገኘችበት፤ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ። አልገባንም። ሰይድ «አጥንቷ እንደሆነ አዲስ አበባ ነው ያለው» አለኝ። እውነቱን ነው።

ስለ ሚሌ ከተማ የምለው ብዙ የለኝም። ኬላ፣ የከባድ መኪና ሰልፍ፣ ቀዝቃዛ ውሃ፣ አቧራ። የኢትዮጵያ የገቢና የወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚመላለሰው በጅቡቲ ነው፤ ሚሌ ላይ ቆመህ ይህን ቁጥር በጆሮህ ትሰማዋለህ። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ ባቲን አልፎ ወደዚህ ሲገፋ ሁሉም ሰው ስለ ሚሌ ያወራ የነበረውም ለዚህ ነው። ዛሬ ሾፌሩ ሻዩን ይጠጣል፣ ረዳቱ ጎማ በእንጨት እየመታ ያዳምጣል።

ያደርነው ከሰመራ አጠገብ ሎጊያ ነው። ክፍል ነበረን፤ ግን ክፍል ውስጥ የሚተኛ አልነበረም። የጠፍር አልጋ ግቢ ውስጥ ተደርድሯል፤ ሾፌሩም፣ ነጋዴውም፣ እኛም ሰማይ ሥር ተኛን። አንዱ ሌሊቱን በሙሉ በስልክ ሚስቱን ይቅርታ ሲጠይቅ አደረ። ታረቁ መሰለኝ፤ ወደ ንጋት ላይ ዝም አለ።

ወደ አላሎባድ የወጣነው ገና ሳይነጋ ነው። አሊ የሚባል የአካባቢው ወጣት ከእኛ ጋር ነበር፤ ከሰይድ ኋላ ተቀመጠ። ከአስፋልቱ ስትወጣ መንገዱ ድንጋይና አሸዋ ይቀላቅላል፤ መሪውን አጥብቀህ ከያዝከው ይጥልሃል፣ ላላ አድርገህ ሞተሯን በራሷ እንድትፈልግ መተው ነው። እንፋሎቱ ከሩቅ ታየን። ጠዋት መሄድ ጥሩ የሚሆነው ለሙቀቱ ብቻ አይደለም፤ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል እንፋሎቱ ወፍሮ ይታያል። እኩለ ቀን ላይ የሄደ ሰው «ምንም የለም» ብሎ ይመለሳል።

ሞተሮቹን ራቅ አድርገን አቁመን በእግር ገባን። አሊ «እኔ የረገጥኩትን ብቻ እርገጡ» አለ። ቀልድ አልነበረም። ፍል ውሃው ከመሬት ውስጥ ሲሊካ የሚባል ማዕድን አሟሙቶ ይዞ ይመጣል፤ ላይ ሲደርስ ሲቀዘቅዝ ያንን እየጣለ ነጭ ግራጫ ቅርፊት ይሠራል። ጠንካራ ይመስላል። ከሥሩ ግን ባዶ ሆኖ የፈላ ውሃ ሊኖር ይችላል። በየቦታው ኩሬ አለ። አንዳንዱ ሰማያዊ ሆኖ ጸጥ ብሏል፤ አንዳንዱ ይንተከተካል። አንዱ ጋ ደግሞ ውሃው ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ የተወው ይመስላል፣ ከዚያ ድንገት ፏ ብሎ ከሰው ቁመት በላይ ይወረወራል። ጠብታው ንፋስ ይዞት መጥቶ እጄ ላይ ሲያርፍ ገና ያቃጥላል።

ሰይድ ብዙ ሰዓት ቆሞ አየው። ከዚያ መካኒክ ነውና እንዴት እንደሚሠራ መጠየቅ ጀመረ። የማውቀውን ነገርኩት። ውሃ የሚፈላበት ሙቀት በላዩ ባለው ጫና ይወሰናል። ደሴ ላይ 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል፤ ለዚህ ነው የባቄላ ንፍሮ እዚያ ላይ እንጨት የሚፈጀው። መሬት ውስጥ ግን ነገሩ ይገለበጣል። 10 ሜትር ውሃ በላዩ የተጫነበት ውሃ ለመፍላት 120 ዲግሪ ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ ታች ያለው ከመቶ ዲግሪ በላይ ግሎም ፈሳሽ እንደሆነ ይቆያል። ሲብስበት ትንሽ እንፋሎት ይፈጠርና ከላይ ያለውን ውሃ ገፍቶ ያፈሰዋል። ያኔ ጫናው ይቀንሳል። ታች ያለው የጋለ ውሃ ባንዴ እንፋሎት ይሆንና ያለውን ሁሉ ይዞ ይወጣል። ቀዳዳው ባዶ ይሆናል፣ እንደገና ይሞላል፣ እንደገና ይግላል።

«አንገቷ የጠበበ ጀበና ናት በለኛ» አለ ሰይድ። «እሳት በዝቶባት ስትገነፍል።»

በትክክል ነው። አንገቱ ሰፊ ቢሆን ኖሮ ሙቁ ውሃ ወጥቶ ቀዝቃዛው እየገባ ዝም ብሎ ፍል ውሃ ይሆን ነበር። ጠባብ ስለሆነ ግን አይቀላቀልም፤ ይጠራቀማል፣ ከዚያ ይፈነዳል። አላሎባድ ላይ ሁለቱም ዓይነት ጎን ለጎን አለ፤ በጥቂት ሜትር ብቻ ይራራቃሉ።

እሳቱ ከየት መጣ ለሚለው ደግሞ መልሱ ሰፊ ነው። አፋር ላይ ሦስት የመሬት ንጣፎች ይላቀቃሉ። ቀይ ባሕር በአንድ በኩል፣ የኤደን ባሕረ ሰላጤ በሌላ፣ የእኛ ስምጥ ሸለቆ በሦስተኛው። መሬቱ ሲሳሳ የቀለጠው ዓለት ወደ ላይ ይጠጋል። መስከረም 1998 ዓ.ም. ከዚህ በስተሰሜን ምዕራብ ደባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው መሬት በሳምንታት ውስጥ ተከፈለ፤ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተላቀቀ። የዓለም ሳይንቲስት ሁሉ ወደዚያ ጎረፈ። እኛ ደሴ ላይ ያኔ የምናወራው ስለ ምርጫው ነበር።

ይህ የቆላው ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሐረጎም ጦሳም የዚህ ስንጥቅ ትከሻ ናቸው። በ1953 ዓ.ም. ከከሚሴ በስተደቡብ ካራ ቆሬ ላይ የተነሳው መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፈራርሶ የአዲስ አበባ ደሴን መንገድ ሰነጣጥቋል። እኔ በምኖርበት ሰፈር ያንን ዓመት የሚያስታውሱ አዛውንት ዛሬም አሉ፤ ሰው ከቤት ወጥቶ ሜዳ ላይ ያድር ነበር ይላሉ። አላሎባድ ላይ ቆሜ ያንን ወሬ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አመንኩት። እኛ የምናድረው ጫፉ ላይ ነው። እዚህ ደግሞ መሐሉ ነው።

አሊ ግን ስለ ንጣፉ ብዙም አልገረመውም። የእሱ ጥያቄ ሌላ ነበር። «ይሄ ሁሉ እሳት እያለ መብራት ለምን ይጠፋል?» አለ። እዚሁ አካባቢ ተንዳሆ ላይ ለእንፋሎት ኃይል ተብሎ ጥልቅ ጉድጓዶች የተቆፈሩት በ1980ዎቹ ነው። አሊ ያኔ አልተወለደም። ምን እንደምመልስለት አላወቅኩም፤ ውሃ አቀበልኩት።

አሊ ከነገረኝ ሁሉ ግን ያስደነቀኝ ሌላ ነው። ወንዝ በሌለበት የአፋር አገር እረኞች ከመሬት እንፋሎት በሚወጣበት ቀዳዳ ላይ ድንጋይና ቅርንጫፍ ይከድናሉ። እንፋሎቱ እዚያ ላይ ሲቀዘቅዝ ጠብ ጠብ እያለ ውሃ ይሆናል። ሰውም ፍየልም ይጠጣዋል። ይህን መሣሪያ የሠራው ኢንጂነር አይደለም። የሚፈናጠረውን ውሃ ለማየት ብዙ መንገድ ሄድኩ፤ ግን ለእኔ ከተወረወረው ውሃ ይልቅ በድንጋይ ክምር የሚጠራቀመው ይበልጥብኛል።

በማግስቱ ተራው የእኔ ሆነ። ወደ ሚሌ ተመልሰን ወደ ደቡብ፣ ወደ ገዋኔ የሚወስደውን አስፋልት ያዝን። ያንጉዲ ራሳ ብሔራዊ ፓርክ በዚህ መንገድ ግራና ቀኝ ነው። ለፓርክነት የታሰበው በ1960ዎቹ መጨረሻ ሲሆን ዋናው ምክንያትም የዱር አህያው ነበር። ስፋቱ 4,731 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ያንጉዲ ተራራው ነው፤ ራሳ ሜዳው። በር አይጠብቅህም። አጥር የለም። ከባድ መኪናው በመሐሉ ያልፋል። ብዙ ሾፌር ፓርክ ውስጥ መሆኑን ሳያውቅ ገብቶ ይወጣል።

እዚህ ላይ ለሞተር ወዳጆች አንድ መራር ነገር ልናገር። ሞተር አገር ለማየት የተፈጠረች ናት፤ እንስሳ ለማየት ግን አትረባም። ከባድ መኪናው ቀኑን ሙሉ ስለሚጮህ እንስሳው ለምዶታል። ሞተር ስትመጣ ግን ድምፅዋ ይቀጥናል፣ ይቆራረጣል፣ በላይዋም ሰው ይታያል። ሰጎን ከሩቅ አይታን አንገቷን አቁማ ሄደች። ያን ጊዜ ሞተሮቹን አጥፍተን ለአንድ ሻይ ቤት ባለቤት አደራ ሰጠንና አካባቢውን ከሚያውቅ ጠባቂ ጋር በእግር ወጣን።

በእግር ሲሆን ሜዳው ሌላ ሆነ። መጀመሪያ ምንም የለም ትላለህ። ቆየት ስትል ቁጥቋጦው ውስጥ ጆሮ ይንቀሳቀሳል፤ እንሹ ናት፣ ከድመት ብዙም አትበልጥም። የሜዳ ፍየል በርከት ብለው ጭራቸውን እያወዛወዙ ተሻገሩ። ከሰዓት በኋላ ጠባቂው ክንዴን ያዝ አደረገና ቆመ። ሳላ ነበሩ። ቀንዳቸው ቀጥ ብሎ እንደ ጦር፣ ፊታቸው በጥቁርና ነጭ የተቀባ። በዚያ ፀሐይ ጥላ ሳይፈልጉ ቆመዋል። ሳላ ላብ አያባክንም፤ የሰውነቱ ሙቀት እንዲጨምር ይተወውና ሌሊት ሲቀዘቅዝ ያወጣዋል። ወደ አንጎሉ የሚሄደውን ደም ግን በአፍንጫው በኩል ያቀዘቅዘዋል። እኔ በጃኬቴ ውስጥ ስንገላታ እሱ በቆዳው ጨርሶታል።

የዱር አህያስ? የለም። አላየንም። ጠባቂውም «እኔ እዚህ ካየሁ ቆይቻለሁ» አለ፤ ወደ ሰርዶ በኩል ይሻላል አለ። ስልኩ ላይ ያለውን ፎቶ አሳየኝ። ግራጫ፣ ሆዱ ነጭ፣ እግሩ ላይ እንደ ሜዳ አህያ ጥቁር መስመር የተሰመረበት። ጆሮው አህያ ነው። አቋሙ ግን ተሸክሞ የማያውቅ ሰው አቋም ነው። ሰይድ ፎቶውን አጉልቶ እያየ «እስኪ የእኛዎቹን እግር አይቼ አውቃለሁ?» አለ። እናንተም ደሴ ላይ አንድ ቀን ጎንበስ ብላችሁ እዩ። አንዳንዱ አህያ እግሩ ላይ ያ መስመር ደብዝዞ ዛሬም አለ።

እንዲጠፋ ብሎ ያሰበ ክፉ ሰው የለም። ድርቅ ሲመጣ ውሃው ያለበት ቦታ ላይ ከብቱ፣ ግመሉ፣ ፍየሉ ይሰፍራል፤ የዱሩ አህያ ይሸሻል። ለሥጋውና ለመድኃኒት ተብሎ የታደነም አለ። ከቤት አህያ ጋር ሲዳቀል ደግሞ ዘሩ ይደበዝዛል። በአዋሽ ዳር በኩል ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃማ ዛፍ ግጦሹን ወርሶታል፤ ከብቱ ፍሬውን ይበላና ዘሩን በኩበቱ ይዞ ይዞራል። ግጦሽ ሲጠብ እረኛው ወደ ፓርኩ ይገባል። ምን ይሁን? መሬቱ ፓርክ ከመባሉ በፊት የእሱ ነው።

እንዲያውም የሚገርመው ይህ ነው። ራሳ ሜዳ ላይ እንስሳ እስከዛሬ የቆየው አንዱ ምክንያት አፋርና የሶማሌው ኢሳ ጎሳ በመሐሉ ስለሚፈራሩ ነው። ሁለቱም መንጋቸውን እንደልባቸው የማያሰማሩበት ሜዳ ለሳላውና ለሰጎኑ መጠለያ ሆነ። ጥበቃው ከወረቀት አልመጣም፤ ከፍርሃት ነው። ሰላም ሲወርድ፣ ይውረድና፣ ያ ሜዳ በግጦሽ ይሞላል። ያኔ አጥር የሌለው ፓርክ በምን እንደሚቆም አስቤ መልስ አጣሁ። የዱር አህያን ለማዳን ገንዘብ የሚሰጥ ካለ ከእንስሳው በፊት ለእረኛው የውሃ ጉድጓድ ይቆፍር ባይ ነኝ፤ ከእንስሳው ውሃ የራቀ ጉድጓድ። ባለሙያ አይደለሁም። ግን ሻይ ቤቱ ውስጥ ያገኘኋቸው ሰዎች ሁሉ ያወሩት ስለ ውሃ ነው፤ ስለ አህያ ያወራሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

መመለሻው ቶሎ ይነገራል። ሚሌን ካለፍን በኋላ የሰይድ የኋላ ጎማ ተበሳ። ለጎሚስታ የሚሆን ሰፈር ስላልነበረ ራሱ ፈትቶ ካመራዳሪያ ቀየረ፤ ሁለት የአፋር ልጆች ጥላ ይዘው ቆሙለት፤ ጥላው የእሱ የራሱ ጃኬት ነው። ሽቅብ ስንመጣ ሞተሯ እንደገና ትንፋሽ አጠራት። ባቲ ስንደርስ እጄ ቀዘቀዘ። ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ ቦርከና ድልድዩ ጋ ሰይድ የጠጣውን የሃይላንድ ጠርሙስ ሊወረውር ክንዱን አነሳና ተወው፤ ከረጢቱ ውስጥ ከተተው። ምንም አልተባባልንም።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ይሻላል፤ ጥቅምት ገና ይጋግራል። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም ከሾፌሮች ጠይቁ፤ ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። አላሎባድም ሆነ ራሳ ሜዳ ያለ አካባቢው ሰው አይገባም። ቤንዚን ማደያ ባገኛችሁበት ሁሉ ሙሉ፤ መንገድ ዳር በጠርሙስ የሚሸጠው ውሃ ሊኖርበት ይችላል። ማታ አትንዱ፤ ግመል መብራት የለውም። ሰኞ የምትመለሱ ከሆነ ደግሞ ባቲ ላይ ሞተራችሁን ከገበያው ራቅ አድርጋችሁ አቁሙ፤ ግመል ለክላክስ መንገድ አይለቅም።